የዐባይን ልክ ስለሚጽፉ ሰዎች፤ ከግልገል ዐባይ እስከ ዐባይ በረሃ

በአገራችን ስለ ዐባይ ያልተናገረ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ካህኑ በኦሪት ከተነገረው ከግዮን ጋራ አያይዞ ይተረጕመዋል፤ አዝማሪው በመሰንቆ ይወቅሰዋል፤ መኰንኑ በጉባኤ ያነሣዋል። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት አፄ ዐምደ ጽዮን «ወንዙን አዞረዋለሁ» ብለው ወደ ግብፅ ሡልጣን ላኩ ሲሉ የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ቃል ሲነገር ግን «ለመሆኑ ውኃው ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ባለፈው መስከረም ለሥራ ጉዳይ ወደ ጎጃም በሄድን ጊዜ ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን፤ ውኃውን በየቀኑ የሚለኩትን ሰዎች በየቦታቸው ለማየት ከሰከላ ተነሥተን እስከ ዐባይ በረሃ ድልድይ ድረስ ወረድን። ያየነውንና የሰማነውንም የዚህ ገጽ አንባብያን ከነቤተ ሰባቸው እንዲያነቡት እነሆ ጽፈነዋል።

የግልገል ዐባይ መነሻ በሰከላ ግሽ ዐባይ የሚባለው ጠበል መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እዚያ የደረሰ ሰው ሁሉ የሚደነቀው በምንጩ ትልቅነት ሳይሆን በማነሱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲወርድ ግን ከግራና ከቀኝ ከተራራው የሚወርዱትን ጅረቶች እየሰበሰበ፤ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ይሆናል። ጉማራ፥ ርብና መገጭ ከእርሱ ቀጥሎ ይቆጠራሉ።

መጀመሪያ የቆምነው በመራዊ አጠገብ፤ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወንዙን በሚሻገርበት ስፍራ ነው። ከዚህ ስፍራ በላይ ያለው፤ ዝናቡን ወደዚህ ወንዝ የሚልከው አገር 1,664 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወንዙ ልክ በዚህ ስፍራ መጻፍ ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። መለኪያው የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። በወንዙ ዳር እንደ ደረጃ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ የተተከሉ፤ በነጭና በጥቁር ቀለም በሜትርና በሳንቲም የተሠመሩ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። ውኃው ሲሞላ የታችኛው ይሰጥማል፤ የላይኛው ይነበባል። ጠባቂው ከጠዋቱ በ12 ሰዓትና ከማታው በ12 ሰዓት ወርዶ ውኃው የነካውን ቍጥር አይቶ በመዝገብ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም የሚል ሰው ቢኖር ግን በነሐሴ ሌሊት በዚያ ጭቃ ላይ አንድ ጊዜ ይውረድ።

ጠባቂው ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ገበሬ ነው። እርሻው ከወንዙ ብዙ አይርቅም። መዝገቡን እንዲያሳየን ስንለምነው ወደ ቤቱ ወሰደን፤ ሚስቱም ቡና አፈላችልን። መዝገቡ ከልጆቹ የክርስትና ወረቀትና ከመሬቱ ደብተር ጋራ በአንድ ሣጥን ተቈልፎ ይኖራል። ገልጠን ባየን ጊዜ ጽሕፈቱ ሁሉ በእርሳስ ነበር። እኛ ዕድሜያችንን ከቀለም ጋራ የኖርን ሰዎች ስለ ሆንን በእርሳስ የተጻፈ መዝገብ ሲያጋጥመን ደስ አይለንም፤ ሰው ሊፍቀው ይችላልና። ምክንያቱንም ጠየቅነው።

«ጌታዬ፥» አለን፤ «ቀለም ዝናብ ሲነካው ሁሉም ገጽ ሰማያዊ ይሆናል። እርሳስ ግን ቢርስም ይነበባል። የተሳሳተ ቍጥር ቢኖር አልፍቀውም፤ በላዩ አሠምርበትና ደገኛውን ከጎኑ እጽፋለሁ። ያስተማሩኝ እንዲህ ነው።»

ይህን ሥርዓት ብዙ የከተማ ጸሐፊዎች ቢማሩት ደግ ነበር።

«አባቴ፥ ሥራው አይከብድዎትም?» ብለን ብንጠይቀው ሣቀ። «ውኃው ሲሞላ እንቅልፍ የለም። በበጋ ሲጎድል ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ‹ከደረቀ ወንዝ ምን ይለካል?› እያለ ይሥቅብኛል።» በሚያዝያና በግንቦት ወንዙ እንዲህ ሲሳሳ የሚጻፈው ቍጥር ለመስኖ ከሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ጎረቤቶቹ አላወቁም። በክረምት ለሁሉ የሚበቃ ውኃ አለ፤ ገበሬና ገበሬ በውኃ የሚካሰሰው በበጋ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የነገረንን ነገር በሰማን ጊዜ መዝገቡን በሌላ ዐይን ተመለከትነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ከላይ አገር ዝናቡ ሳያቋርጥ ወረደ። ጠባቂው የወንዙ ድምፅ እንደ ተለወጠ በእንቅልፉ ሰምቶ ፋኖስ ይዞ ወጣ። በደረሰ ጊዜ የላይኛው ሰሌዳ ጨርሶ ሰጥሞ ነበር፤ የሚነበብ ቍጥር አልነበረም። ወደ ቤቱ ተመልሶ ቢተኛ የሚወቅሰው አልነበረም፤ «ሰሌዳው ስለ ሰጠመ አልተነበበም» ብሎ መጻፍ ይበቃው ነበር። እርሱ ግን በዳር ከቆመው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ ውኃው እየወጣ ሲመጣ ጠበቀ። መውጣቱን ተወ፤ ጥቂትም ቆሞ መውረድ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ጠባቂው እስከ ጕልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፤ ውኃው በመጨረሻ የደረሰበትን ልክ በዛፉ ቅርፊት ላይ በቢላዋ ቈረጠ። ሚስቱ በሩቅ ሆና ስሙን እየጠራች ትጮኽ ነበር፤ እስከ ዛሬም ስለዚያች ሌሊት በተነሣ ቍጥር ትቈጣዋለች። በፊታችንም ተቈጣችው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባለሙያዎች መጥተው በቀያሽ መነጽር ከዛፉ ቍረጥ እስከ ሰሌዳው ያለውን ከፍታ ለኩ፤ ቍጥሩንም በዚያች ሌሊት ረድፍ ጻፉት። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር እንደ ቀላል አይታይ። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የሚጠይቀው የዓመቱን መካከለኛ ውኃ አይደለም፤ ከፍተኛውን ነው። ከፍተኛው ውኃ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ምስክር ካልተገኘ ወንዙ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል የሚያውቅ አይኖርም፤ ድልድዩም በግምት ይሠራል።

በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ዐይነት የእጅ ጽሕፈት ስላየን ስለዚሁ ጠየቅን። ሁለተኛው የልጁ ጽሕፈት ነው። አባትዋ ገበያ በዋለ ወይም በታመመ ቀን እርስዋ ወርዳ ታነባለች፤ በረድፉም መጨረሻ የስምዋን መጀመሪያ ፊደል ትጽፋለች። ይህ በደንብ የተፈቀደ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለ ሥልጣኖቹ እንተወዋለን። እኛ ግን የአንዲት ልጅ ፊደል ያለበት ትክክለኛ ቍጥር፤ ሳይታይ ከተጻፈ የአባት ፊርማ እንደሚሻል እናምናለን። ደግሞም ነገሩ አዲስ አይደለም። በካይሮ በሮዳ ደሴት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ861 ዓ.ም. በኸሊፋው በአል ሙተወኪል ዘመን የተሠራው የዐባይ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በጕድጓድ መካከል የቆመ፤ በክንድ የተከፈለ የእብነ በረድ ዓምድ ነው፤ ውኃውም ከወንዙ በቦይ ይገባለት ነበር። የመለኪያው ጠባቂነት አቡ ረዳድ በተባለው ሰው ዘር እጅ ብዙ መቶ ዓመት በውርስ ቆይቷል። ውኃው 16 ክንድ ያህል ሲደርስ መስኖው ለአገሩ ይበቃል ይባል ነበርና፤ የግብፅ ገበሬ የሚከፍለው ግብር በዚያ ዓምድ ንባብ ይወሰን ነበር። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ የሚያነበውን ቍጥር ቤተ መንግሥቱም ገበሬውም በጭንቀት ይጠባበቀው ነበር። ያ ውኃ የክረምት ዝናባችን ነው፤ እኛ ግን ከላይ ሆነን ሳንለካው ብዙ ዘመን አለፈን።

አሁን ደግሞ ከፍታው ወደ መጠን እንዴት እንደሚለወጥ እንናገር። ሰሌዳው የሚነግረን ውኃው እስከ የት እንደ ደረሰ ብቻ ነው፤ ስንት ውኃ እንዳለፈ አይነግረንም። ይህን አባቶችና እናቶች በበጋ፤ በትንሽ ጅረት ላይ፤ ለልጆቻቸው ሊያሳዩት ይችላሉ። ጅረቱ ወርዱ 4 ሜትር፥ መካከለኛ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን፤ ውኃው የሚያልፍበት በር 2 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው። በዳሩ 10 ሜትር በገመድ ተለክቶ አንድ ብርቱካን ከላይ ይጣል። 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ቢጨርስ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ተጓዘ። ሁለቱን ብናባዛ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ያለው ውኃ ከሥር ካለው ይፈጥናል፤ ሥሩ በድንጋይና በአሸዋ ይያዛልና። ስለዚህ ባለሙያዎች ከመቶው 85 ያህሉን ብቻ ይወስዳሉ፤ 850 ሊትር ማለት ነው። አንድ እንስራ 20 ሊትር ቢይዝ በሰከንድ 42 እንስራ ውኃ አለፈ። ልጆች ይህን በእንስራ ሲሰሙት ቶሎ ይገባቸዋል። በክረምት ሙላት ግን ማንም ልጁን ወደ ወንዝ አይስደድ።

ባለሙያዎቹ በብርቱካን ፈንታ ውኃው የሚያዞረው ትንሽ መዘውር አላቸው። ከድልድይ ወይም ከጀልባ በገመድ አውርደው፤ ወንዙን በወርዱ ብዙ ቦታ ከፍለው፤ በየክፍሉ በጥልቀቱ ከአምስት አንዱና ከአምስት አራቱ ላይ ፍጥነቱን ይለካሉ። ይህን በትንሽ ውኃም፥ በመካከለኛም፥ በብዙም ጊዜ ደጋግመው ካደረጉ በኋላ፤ እያንዳንዱ ከፍታ ስንት ውኃ እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ መሥመር ይሥላሉ። ከዚያ ወዲያ የገበሬው የጠዋትና የማታ ቍጥር በዚያ መሥመር እየታየ ወደ ሜትር ኩብ ይመለሳል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ተራራማ ወንዝ ሥሩን ይለውጣል፤ አንድ ክረምት ድንጋዩን ጠርጎ ይወስዳል፤ ሌላው ክረምት አሸዋ ይከምራል። የዐምናው መሥመር ለዘንድሮ ላይሆን ይችላልና መለኪያው በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ይህም ገንዘብና መኪና ይጠይቃል። ሁለተኛው፥ ከፍተኛው ሙላት ሲመጣ መለካት እጅግ ያስቸግራል። ዐባይ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት ቤታችን ተቀምጠን ስንናገረው እንሥቃለን፤ በሙላት ጊዜ ገመድ አውርዶ የቆመ ሰው ግን ግንዱ ሲመጣ ገመዱን ቈርጦ መሣሪያውን ከመጣል ወይም ራሱ አብሮ ከመጐተት አንዱን መምረጥ ሊገባው ይችላል። ስለዚህ የመሥመሩ የላይኛው ጫፍ በብዙ ወንዞች ተለክቶ ሳይሆን ተገምቶ የተሣለ ነው።

ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ቍጥር የያዘ ሰው አንድ ነገር ያስብ፤ የሐይቁ ልክ በአንድ ሳንቲም ብቻ ቢጎድል 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የሐይቁን ልክ የሚያነብ ሰው በሳንቲም ሊሳሳት አይገባውም፤ ነፋስ ግን ውኃውን ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋና ማዕበል ስለሚያነሣ ሥራው ከወንዙ አይቀልም። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. በሮች ያሉት ዝቅተኛ ግድብ ተሠርቶ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ይህም ለጢስ ዐባይ የመብራት ኃይል ውኃውን በልክ ለመስደድ ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በጎደለ ጊዜ ግን ለመብራቱ ብዙ ውኃ ተወስዶ ስለ ነበር የሐይቁ ልክ ወረደ፤ ወደ ገዳማቱና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱት ትልልቅ ጀልባዎች ለአንዳንድ ወራት መቆም ግድ ሆነባቸው። የሰሌዳው ንባብ መውረዱን በየቀኑ ይናገር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ ወደ በለስ ውኃ የሚወስደው 460 ሜጋዋት ኃይል ያለው የመብራት ሥራ ተመርቋልና፤ ዛሬ ሐይቁ ሁለት መውጫ ያለው ሆኗል፤ የሚጠብቀውም ዐይን እንዲሁ ሊበዛ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እንግለጥ። ዐባይ ከጣና ይወጣልና የዐባይ ውኃ የጣና ውኃ ነው ይባላል። ልኩ ግን ሌላ ይናገራል። ከጣና በዓመት የሚወጣው ውኃ ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ዐባይ በሱዳን ጠረፍ የሚያልፈው ግን ወደ 49 ቢሊዮን ነው። ሐይቁ የሚሰጠው ከዐሥር አንድ እጅ አይሞላም! የቀረው ከበሽሎ፥ ከጀማ፥ ከሙገር፥ ከጉደር፥ ከዴዴሳ፥ ከዳቡስና ስማቸው በከተማ ከማይነሣ ከብዙ ጅረቶች የሚመጣ ነው። ከሩቅ አገር የመጡት ሰዎች ግን በመጀመሪያ ዐይናቸውን የጣሉት በሐይቁ ላይ ነበር። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተፈራረሙት ውል የጣና ስም ተጽፏል፤ በ1913 ዓ.ም. ግራብሃምና ብላክ የሚባሉ እንግሊዛውያን ሐይቁን ሊያጠኑ መጥተዋል፤ በዳንግላ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም የሐይቁንና የዐባይን ዳር በእግሩና በበቅሎ ዞሮ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። ወንዞቹ በብዛት ሰሌዳ የተተከለላቸውና መዝገብ የተከፈተላቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ መሥሪያ ቤት ጋራ ሆኖ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የዐባይን ሸለቆ ባስጠና ጊዜ ነው።

በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ሲታሰብ፤ ሒሳቡ የተነሣው ከእነዚህ የእርሳስ መዝገቦች ነው። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት በጠረፉ በነሐሴ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ያልፍ የነበረው ውኃ፤ በበጋ መጨረሻ ከ200 በታች ይወርድ ነበር። እንዲህ የሚለዋወጥ ወንዝ በአንድ ዓመት ንባብ አይታወቅም፤ መንግሥታት ስለ ውኃው ሲከራከሩም የሚቀርበው ማስረጃ የብዙ ዓመት መዝገብ ነው።

ታዲያ ጠባቂው ቤቱ ተቀምጦ ቢጽፍስ? ይህን ስንጠይቅ አንድ ባለሙያ ያስረዳን ነገር ከፍርድ ቤት ሥራ ጋራ ስለሚመሳሰል ደስ አሰኘን። ሐሰተኛ ንባብ በራሱ ይያዛል አለን። ወንዝ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሲጎድል ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። ከቤቱ የሚጽፍ ሰው ግን አወጣጡንም አወራረዱንም እኩል ያደርገዋል፤ ወይም አንድ ቍጥር ለሳምንት ይደጋግማል። ደግሞም የላይኛው ጣቢያ ሙላት በሰዓቱ ወደ ታችኛው መድረስ አለበት፤ ዝናብ መለኪያውም ሦስተኛ ምስክር ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ ያ ወር በቀይ ይከበባል። ያልተነበበ ቀን ባዶ ቢተው ነውር የለበትም፤ ሰነፍ የሚሞላው ግን ሌላውን እውነተኛ ቀን ሁሉ ያስጠረጥራል። ባለሙያው ይህን ሲናገር የጠባቂዎቹ አበል ትንሽ መሆኑንና ብዙ ጊዜም መዘግየቱን አልሸሸገንም። እኛም ይህን እንጽፈዋለን፤ ከጓዳው ዱቄት ያለቀበት ምስክር ሌሊት ተነሥቶ ወደ ወንዝ ይወርዳል ብሎ ማሰብ ደግ አይደለምና።

ዛሬ ከውኃው በላይ ተሰቅሎ በየጥቂት ደቂቃው ልኩን የሚያነብና በስልክ የሚልክ መሣሪያ አለ፤ ከሰማይ ሆነው የሐይቅን ልክ የሚለኩ ሳተላይቶችም አሉ። መሣሪያው ለተራራ ወንዝ እጅግ ያስፈልጋል፤ ደራሽ ውኃ የጠዋትና የማታ ንባብን አይጠብቅምና። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ከተራራው የወረደውን ዝናብ ይዞ በሌሊት በተኙ ሰዎች ላይ ሲመጣ ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ጠፍቷል። በጋውን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነበር። ከላይ ሆኖ ሙላቱን አይቶ ለከተማው የሚናገር ቢኖር አንድ ሰዓትም ብዙ ነበረች። ይሁን እንጂ መሣሪያውም በመብረቅ ይመታል፤ በጎርፍ ይወሰዳል፤ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ሳተላይቱም ሰፊውን ሐይቅ እንጂ በገደል መካከል የሚያልፈውን ጠባብ ወንዝ ደኅና አድርጎ አያይም።

በመጨረሻ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሃ ወረድን። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ይቀበላል። ወንዙ በዚህ ስፍራ የሚሰበስበው ከ65,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አገር ነው። የጎጃም፥ የወሎና የሸዋ አፈር ተቀላቅሎበት ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ ዐባይ በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ደለል ይዞ ይሄድ እንደ ነበር የለኩት ይናገራሉ። ከማታው 12 ሰዓት ሲቃረብ የዚያ ስፍራ ጠባቂ፤ አንድ ቀጭን ወጣት፤ ረጅም ዘንግ ይዞ ወደ ዳር ወረደ። ዘንጉ ለአዞ መስሎን ነበር፤ አዞ በዚያ ወንዝ አለና። እርሱ ግን ወደ ሰሌዳው ሄዶ ውኃው አምጥቶ የለጠፈበትን ግንድና ቅጠል በዘንጉ ገፍቶ አስወገደ። ግንዱ ውኃውን ስለሚያግደው በሰሌዳው ላይ ከልኩ በላይ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል አለን። ውኃው እስኪረጋ ቆመ፤ አጎንብሶ አነበበ፤ ጥቂትም ቆይቶ ደግሞ አነበበ። ግንዱ ሳለ ከታየው ሦስት ሳንቲም ወርዶ ነበር። የኋለኛውን ብቻ ጻፈ፤ ሰዓቱን ጨመረ፤ በአስተያየት ረድፍም «ግንድ ተነሥቷል» ብሎ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከብብቱ አገባው።